አራት ዲግሪ

ሐይቅ ዳር ካለው ጤና ጣቢያ፣ ረቡዕ ጠዋት ደረስኩ፣
ቅጼን በብብቴ ይዤ፣ ከበሩ ላይ ቆም አልኩ።
"እንኳን ደህና መጡ" ይል ነበር፣ ጽሑፉ ድሮ፤
ዛሬ "ደህና" ብቻ ቀርቷል፣ ቀለሙ ተሸርሽሮ።

ሰባ ሁለት ጥያቄ አለኝ፤ ሁሉም "አዎ" ወይም "አይደለም"፤
በሁለቱ ሳጥን መሃል፣ ለ"ግን" የተተወ ስፍራ የለም።

ውሃ ከቧንቧው ይወርዳል? አዎ።
ሳሙና? አዎ፣ እንደ ቅጠል የሳሳች ቁራጭ።
የመርፌ መጣያው ሳጥን፣ ጢም ብሎ ሳይሞላ ይነሳል?
ጽዳቷ፣ ወይዘሮ ማቱኬ፣ ከደጅ ሆና ትሰማለች፤
"የማነሳው እኔ ነኝ፤ አንዴ ወግቶኝ ያውቃል" ብላ፣
አውራ ጣቷን አሳየች።
እዚያ ላይ "አዎ" አልኩ፣
በጣት የተፈረመ።

ከዚያ ማቀዝቀዣው።
በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት፣ ጠዋትና ማታ፣
አራት፣ አራት፣ አራት ይላል፣ አንድም ቀን ሳያመነታ።
ባንድ ብዕር፣ ባንድ እጅ፣ ባንድ ትንፋሽ የተጻፈ፤
ሰፈሩ ሁለት ሌሊት ጨለማ ውስጥ ሲያድር፣
እሱ አራት ላይ እንደተንሳፈፈ።

ሲስተር ዱሬቴን አየኋት።
እሷ ወረቀቱን አየች።
አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣
መልሳ ዘጋች።
ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

"መብራቱ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሄደ።
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም።
የሙቀት መለኪያው ባትሪ ከሞተ ወር አለፈው፤ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ግልባጩ አለ።
ባጃጅ ይዤ አሞራ ገደል ወረድኩ፤
ዓሣ አጥማጁን ካያሞን ከእንቅልፉ ቀስቅሼ፣
በረዶ በሳፋ ገዛሁ፣ በገዛ ብሬ።
ብልቃጦቹን በረዶው ውስጥ ቀበርኳቸው።
ሁለት ሌሊት አጠገባቸው አደርኩ፤
ክፍሉ ሁሉ ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸት ነበር።
ይሄን የት ልጻፈው?
አራት ብዬ ጻፍኩት።"

እውነቱን ለመናገር፣ ቅጹን ልዘጋው ነበር።
ልቤ ወደ እሷ ወግኖ፣ እስክሪብቶዬን ከድኜ ነበር።

ግን አንዷን ብልቃጥ አወጣሁ፤
ነቅነቅ አድርጌ መስኮቱ ላይ አቆምኳት።
ሦስታችንም ጠበቅን።
ጉም መስሎ መቆየት የነበረበት ፈሳሽ፣
ቀስ በቀስ ተለያየ፤
ከላይ ጠራ፣ ከታች እንደ ዱቄት ዘቀጠ።

ሙቀት አይደለም የገደላት።
ግግር ሆና ነበር።
የሲስተር ዱሬቴ ደግነት
ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር።

መዝገቡን ገለጥን፦ ከሰኞ ወዲህ አሥራ አንድ ሕፃናት፤
ጭናቸው ላይ የተወጉ፣ ያለቀሱ፣
እናቶቻቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ብለው የሄዱ፣
በከንቱ።

"ምን ይደርስብኛል?" አላለችኝም።
"እኔ ልጥራቸው" አለች፤ ድምጿ ተሰነጠቀ፤
"ስልክ የሌላቸውን ግን..."
"ቤታቸውን አውቃለሁ" አለች ማቱኬ፣
መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

ስድሳ ሦስተኛው ጥያቄ፦
"የሙቀት መዝገቡ እምነት የሚጣልበት ነውን?"
አይደለም።
ሳጥኗን አጠቆርኳት፣ ቀለሙ ወደ ጀርባው ገጽ እስኪያልፍ።
ብልቃጦቹ እንዲወገዱ ጻፍኩ። ፈረምኩ። እሷም ፈረመች፣
እጇ ሳይንቀጠቀጥ፤ የኔ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ልወጣ ስል ዞር አልኩ።
አዲስ ወረቀት ለጥፋ፣ የዛሬን ቀን አስፍራ፣
ቁጥር በሚገባበት ቦታ
"አላውቅም፤ መለኪያ የለኝም" ብላለች።
በዚያ በር ላይ ያነበብኩት
ትክክለኛ ልኬት እሱ ብቻ ነው።

ከመናኸሪያው ማዶ፣ ሰዓት ከሚጠግን ልጅ፣
የመለኪያውን ባትሪ ገዛሁና ተመለስኩ።
ደረሰኝ አልጠየቅሁም።
ቅጹ ላይ ለዚህም ቦታ የለም።